ድረ ገጹን እንደገና ስንሠራ፦ የአሥር ሳምንት ማስታወሻ

ከመጀመራችን በፊት

ድረ ገጹ የኮምፒውተርና የስልክ ጥገና መመሪያ ነው። ሦስት ሆነን ለዓመታት የጻፍናቸው 412 ጽሑፎች አሉበት። ዲዛይኑ የተሠራው ሁሉም ሰው በጠረጴዛ ኮምፒውተር ያነብ በነበረበት ጊዜ ነው። ስፋቱ 960 ፒክስል ላይ ተቸንክሯል። በስልክ ሲከፈት ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። አንባቢው በሁለት ጣት እየለጠጠ፣ ወደ ጎን እየጎተተ ነው የሚያነበው።

አንባቢዎቻችን ደግሞ አብዛኞቹ በስልክ ነው የሚመጡት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚጠግኑት ኮምፒውተር ተፈታቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በእጃቸው የቀረው ስልኩ ብቻ ነው። በአንድ እጅ ካቻቪቴ፣ በሌላው ስልክ ይዘው ነው የሚያነቡን።

ስድስት ሳምንት ይበቃል ብለን ተነሳን። አሥር ፈጀ።

1ኛ ሳምንት፦ ቆጠራ

ምንም ሳንነካ ሙሉ ባክአፕ ወሰድን። አንዱን ሰርቨር ላይ፣ አንዱን በውጭ ሃርድ ዲስክ። ከዚያ ባክአፑን ሌላ ቦታ ከፍተን አየነው። ይህቺን ብዙ ሰው ይዘላታል። እኛ ባናያት ኖሮ ጉድ ሆነን ነበር። ዳታቤዙ ሲወጣ ኢንኮዲንጉ (ፊደል በኮምፒውተር የሚቀመጥበት አሠራር) ተበላሽቶ፣ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ተቀመጠ። አማርኛን በሚይዘው ኢንኮዲንግ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እንዲወጣ አድርገን ደገምነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ገጽ ሠንጠረዥ ላይ መዘገብን። ርዕስ፣ አድራሻ፣ የሥዕል ብዛት፣ መጨረሻ የታረመበት ቀን። ሁለት ቀን ገምተን ስድስት ቀን ወሰደ። ጊዜው ያለፈባቸውን ጽሑፎች አልሰረዝንም፤ ማኅደር በሚል ክፍል ሰበሰብናቸው። አሮጌ ዕቃ የሚጠግን ሰው ሁሌም አለ።

የዚህ ሳምንት ትልቁ ስህተት የታየኝ ዘግይቶ ነው። ጽሑፎቹን ቆጠርኩ። ሰው በየት በኩል እንደሚደርስባቸው ግን አልቆጠርኩም። የትኛው ሊንክ ይነካል? ከየትኛው ገጽ ወደየትኛው ይኬዳል? የአንባቢዎችን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው አናሊቲክስ ላይ መረጃው ነበር። አልከፈትኩትም።

2ኛ ሳምንት፦ ወረቀትና እርሳስ

ኮድ ከመጻፍ በፊት በወረቀት ሣልን። መጀመሪያ የስልኩን፣ ከዚያ የትልቁን ስክሪን። የዌብ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት እ.ኤ.አ. በ2010 «ሪስፖንሲቭ ዌብ ዲዛይን» የሚለውን ሐሳብ ካቀረበ ወዲህ ለስልክ ሌላ፣ ለኮምፒውተር ሌላ ገጽ መሥራት እየቀረ መጥቷል። አንዱ ገጽ ራሱን እንደ ስክሪኑ ስፋት ያዘጋጃል። እኛም በ360 ፒክስል ጀመርን።

የወሰንናቸው ነገሮች፦ በስልክ አንድ ዓምድ ብቻ፤ ሜኑው ከሦስት መስመር ምልክት ጀርባ ይግባ፤ በቀኝ በኩል ያለው «በቅርቡ የታረሙ» የሚለው ዝርዝር ይውጣ። አድራሻዎቹ ደግሞ ከቁጥር ወደ አማርኛ ርዕስ ይቀየሩ። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ብቻ ነው እስከ መጨረሻው የቆየው።

ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለስልክ ቦታ ይይዛል አልኩ። ማን ያነበዋል አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም።

3ኛ ሳምንት፦ ፊደል

በጣም የወደድኩት ሳምንት ይሄ ነው። የተዘጋጀ ቴምፕሌት ገዝተን ነበር። በላቲን ጽሑፍ ሲያዩት ያምራል። አማርኛችንን ስናስገባበት ግን ፈረሰ።

አንደኛ፣ ቴምፕሌቱ ርዕስን ከንዑስ ርዕስ የሚለየው በትላልቅ ፊደላት ነበር። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ፣ ሲኤስኤሱ፣ «ወደ ትልቅ ፊደል ቀይር» ቢልም ምንም አይለወጥም። ሦስቱ የርዕስ ደረጃዎች አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። በመጠን፣ በውፍረትና ከላይ በሚተው ክፍት ቦታ እንደገና ለየናቸው።

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ በኢታሊክ (በዘመመ ፊደል) ነበሩ። የተጠቀምንበት ፎንት፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኢታሊክ የለውም። ፎንቱ ከሌለው ብራውዘሩ ራሱ ቀጥ ያለውን ያጋድለዋል። «ባትሪውን በስለት አይንኩ» የሚለው መስመር ነፋስ እንደገፋው አጥር ዘመመ። ኢታሊኩን አጥፍተን፣ ማስጠንቀቂያውን በግራው ወፍራም መስመር ባለው ሳጥን ውስጥ አደረግነው።

ሦስተኛ፣ የመስመር ርቀት። ቴምፕሌቱ 1.4 ነበር። ለአማርኛ ታፍኗል። ፊደሎቻችን ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው። እንደ ላቲኑ ትንንሾቹ መሐል ላይ የሚተዉት አየር የለም። 1.6 ሞከርን፣ 1.8 ሞከርን፣ 1.75 ላይ ቆምን። አንድ ቀን ሙሉ ሄደበት። የሚገባው ነበር።

አራተኛ፣ የመስመር ርዝመት። መመሪያዎች በአንድ መስመር ከ45 እስከ 75 ፊደል ይላሉ። ይሄ ልክ ለላቲን የወጣ ነው። ሲኤስኤስ ላይ «ሲኤች» የሚባለው መለኪያም የሚለካው የዜሮን ስፋት ነው። የእኛ ብዙዎቹ ፊደላት ከዜሮ ይሰፋሉ፤ አንዷ ፊደል ደግሞ ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ትይዛለች። ስለዚህ ፊደል መቁጠሩን ትተን ቃል ቆጠርን። በትልቅ ስክሪን በአንድ መስመር ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ቃል ሲሆን ዓይን ሳይደክም ያነባል።

አምስተኛው አራት ነጥብ ነው። የድሮ ጽሑፎቻችን ላይ ከ«።» በፊት ክፍት ቦታ ተትቷል። በሰፊው ስክሪን አይታወቅም ነበር። በስልክ ግን አራት ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። አንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ደግሞ በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ኮለን (::) ተመትቷል። ሁለቱንም የሚያስተካክል አጭር ስክሪፕት ጽፌ በ412ቱም ላይ ለቀቅኩት።

በማግስቱ ባልደረባዬ ደወለ። «የኔትወርኩን ጽሑፍ ምን አደረግሽው?» የአይፒ ስሪት 6 አድራሻ (ኮምፒውተር በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ውስጥ ተከታታይ ዜሮዎችን ለማሳጠር ሁለት ኮለን ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ::1 ነው። ስክሪፕቴ «።1» አድርጎታል። የኮድ ምሳሌዎቹም እንዲሁ ተነክተዋል። ከባክአፑ መልሰን፣ ስክሪፕቱ ኮድ የተጻፈበትን ክፍል እንዲዘል አድርገን፣ በአሥር ጽሑፍ ላይ ሞክረን ነው ዳግመኛ ያስኬድነው።

4ኛ ሳምንት፦ የሚዘልለው ገጽ

ሥዕል ይበዛብናል። አንዳንዱ መመሪያ ሠላሳ ፎቶ አለው። ሙከራው ላይ እኔ ራሴ አንድ መመሪያ ይዤ ላፕቶፕ ፈታሁ። ደረጃ 7ን እያነበብኩ ብሎኑን ለማየት ዞር አልኩ። ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያለው ደረጃ 5 ነው። አልነካሁትም። ከላይ ያሉት ፎቶዎች ዘግይተው ሲመጡ ጽሑፉን ወደ ታች ገፉት። ደረጃ 5 ላይ ደግሞ ሌላ ብሎን አለ። ያልተገባ ብሎን ቢገባ ማዘርቦርዱን ሊጎዳ ይችላል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 ካወጣቸው ኮር ዌብ ቫይታልስ የሚባሉ መለኪያዎች አንዱ ይህንኑ መዝለል ይለካል። ከ0.1 በታች ከሆነ ጥሩ ይባላል። የእኛ ረጃጅም ገጾች ከዚያ በብዙ ይበልጡ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፎቶ በገጹ ኮድ (ኤችቲኤምኤል) ላይ ወርዱና ቁመቱ ይጻፍለታል። ብራውዘሩ ፎቶው ሳይመጣ ቦታውን ይይዝለታል። ቀላል ይሁን እንጂ በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ነበሩ። መጠናቸውን እያነበበ የሚሞላ ስክሪፕት ሠራን። አንድ ቀን ተኩል ወሰደ።

ፎንቱም ያዘልል ነበር። መጀመሪያ ስልኩ ላይ ባለው ፎንት ይታያል፤ የእኛ ሲደርስ መስመሩ ሁሉ ይቀያየራል። የፎንት ፋይሉን የማንጠቀምባቸውን ምልክቶች አውጥተን ቀነስነው። ከዚያ በገጹ መጀመሪያ ላይ አስቀድሞ እንዲጫን አዘዝን። ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ለዓይን የማይታወቅ ሆነ።

5ኛ ሳምንት፦ ተከፈተ

እሑድ ማታ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀየርን። ሦስታችንም ደስ ብሎን አደርን። ሰኞ ጠዋት አርባ የሚሆኑ ኢሜይሎች ነበሩ። ከዚያ በፊት በሳምንት ሁለት ቢመጣ ነው።

6ኛ ሳምንት፦ ደብዳቤዎቹ

መጀመሪያ ያነበብኳቸው ልቤን ሰበሩት። «የድሮውን መልሱልን።» «ማን ቀይሩ አላችሁ?» አንዱ ባልደረባዬ «ይለምዱታል፣ ተዪው» አለ። ሌላው ሁሉንም እንመልስ አለ።

ሰው የለመደበትም፣ ጥሎ የሄደበትም ጊዜ አለ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 ኒውስ ፊድን (ጓደኞች የሚያደርጉትን በአንድ ቦታ የሚያሳየውን ዝርዝር) ሲያመጣ ተቃውሞው ከባድ ነበር። ኒውስ ፊዱን አላነሱትም። ማን ምን እንደሚያይ ተጠቃሚው ራሱ የሚወስንበትን መቆጣጠሪያ ጨመሩ፤ ነገሩም ቀጠለ። ሰዎች የዜና ሊንክ የሚጋሩበት ዲግ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 አራተኛውን ስሪት ሲያወጣ ሰዎች በየቀኑ የሚጠቀሙባቸውን ነገሮች አወጣ። ብዙዎቹ ጥለውት ወደ ተመሳሳዩ ሬዲት ሄዱ፤ አልተመለሱም። ልዩነቱ ቁጣው ላይ አይደለም። ሁለቱም ጋ ቁጣ ነበር። እኔ የማየው ልዩነት ሰው ይሠራበት የነበረው ነገር ተወስዶበታል ወይስ አልተወሰደበትም የሚለው ነው።

ስለዚህ ደብዳቤዎቹን በሠንጠረዥ ደረደርኳቸው። አንዱ ክምር «አስጠላኝ» ነው፤ ቀለሙ፣ ክፍት ቦታው፣ ስፋቱ። ሁለተኛው «እንዲህ ማድረግ አቃተኝ» ነው። የመጀመሪያውን ለሁለት ሳምንት ሳልነካው ተውኩት። ሁለተኛውን ያን ቀን ጀመርኩ።

ከሁሉም የሚብሰው ሊንክ ነበር። አድራሻዎቹን አማርኛ ስናደርግ አሮጌዎቹን ወደ አዲሱ የሚመራ 301 ሪዳይሬክት ጽፈን ነበር፤ ግን የማኅደሩን ክፍል ረስተነው። ሰው ለዓመታት ያስቀመጠው ሊንክ 404 (ገጹ አልተገኘም) ይላል። አዲሶቹም አስቸገሩ። አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው። አድራሻ ሆኖ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በሁለት ፊደል ይጻፋል። አንዷ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ትሆናለች። ሠላሳ ፊደል ያለው ርዕስ 270 ይሆናል። አንባቢ ለጓደኛው ሲልከው ግማሽ ገጽ የሚሞላ የማይነበብ ነገር ነው የሚሄደው። አንዳንዱ መልእክት ላይ መሐሉ ላይ ተቆርጦ ይደርሳል። ወደ ቁጥሮቹ ተመለስን። አሁን የቁጥሩም፣ የአማርኛውም አድራሻ ወደ አንድ ቦታ ይመራል። አራት ቀን።

ከደብዳቤዎቹ መሐል አንድ መምህር የጻፉት አለ። ተማሪዎቻቸውን ጥገና የሚያስተምሩት በእኛ ገጽ ነው። «ልጄ፣ በቀኝ በኩል የነበረውን ዝርዝር የት አደረግሽው? ስሙን እንኳ አላስታውሰውም፤ ቦታውን ነው የማውቀው። ጠዋት ጠዋት እሱን አይቼ ነው ትምህርቴን የማዘጋጀው» ይላል። ያን ጊዜ አናሊቲክሱን ከፈትኩ። በጣም ከሚነኩት ሊንኮች መሐል ነበር። እኔ ነኝ ያወጣሁት።

ለመምህሩ ይቅርታ ጠይቄ መልስ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ ከእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ «በድሮው ገጽ ክፈት» የሚል ሊንክ አስገባን። ቁጣው ያን ዕለት በረደ።

7ኛ ሳምንት፦ አጠገብ መቀመጥ

መጀመሪያ ማድረግ የነበረብንን አሁን አደረግን። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 አምስት ሰው ብቻ ቢፈተን አብዛኛው ችግር ይወጣል ብሎ ጽፏል። አምስት ሰው ለመንን። ለእያንዳንዱ አሮጌ ላፕቶፕና የራሱን ስልክ ሰጠነው። ሥራው አንድ ነው፦ መመሪያውን ፈልጎ ባትሪውን መቀየር። እኔ አጠገብ ተቀምጬ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት በጣም ከባድ ነው። እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ነው የተቀመጥኩት።

አምስቱም ሦስት መስመር ያለውን ምልክት አዩት። የነካው አንዱ ብቻ ነው። አንዲት እህት «ጌጥ መስሎኝ» አለችኝ። ሌላው በአውራ ጣቱ «ቀጣይ» የሚለውን ሊነካ እየሞከረ በተደጋጋሚ «ያለፈው» ላይ ያርፋል። እጁ የብሎን ዘይት ነክቶታል። ሊንኮቹ ትንንሽ ናቸው፤ ተጠጋግተዋልም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ስሪት 2.2 የሚነካ ነገር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል ይሁን ይላል። ከፍ ያለው ደረጃ 44 ነው። የእኛ 18 ነበር።

ሦስተኛው ነገር ስክሪኑ ነው። ብሎን ሲፈቱ ስልኩ ይጠፋል። በክርናቸው፣ በአፍንጫቸው ሳይቀር ሊከፍቱት ይሞክራሉ። ይሄን ማንም አልጻፈልንም ነበር። ችግር ነው ብለው አያስቡትማ። የለመዱት ነገር ነው።

8ኛ ሳምንት፦ ማስተካከል

ሜኑውን ከምልክቱ ጀርባ አወጣነው። አምስት ቃል ነው፤ ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ኔትወርክ፣ መሣሪያ፣ ማኅደር። በጽሑፍ ተጽፈው ከላይ ይታያሉ። «በቅርቡ የታረሙ» ተመለሰ። በትልቅ ስክሪን በቀኝ፣ ልክ በድሮው ቦታ። በስልክ ደግሞ ከሰርቹ ሥር አምስት መስመር። «ቀጣይ» እና «ያለፈው» 48 ፒክስል ሆኑ፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ጫፍ ላይ ተለያይተው። ስክሪኑ እንዳይጠፋ የሚያደርገውን የብራውዘር ትእዛዝ መመሪያ ሲከፈት እንዲሠራ አደረግን። አንባቢው ከፈለገ ያጠፋዋል።

ከ«አስጠላኝ» ክምር ውስጥ አንዱን ብቻ ተቀበልን። ግራጫው ጽሑፍ ደብዝዟል ያሉት እውነታቸውን ነው። ለካነው። በፊደሉና በጀርባው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት (ኮንትራስት) ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን ሲገባው የእኛ 3.2 ነበር። አጠቆርነው። ስለ ቀሪው ቀለም መጻፍ ያቆሙት ራሳቸው አንባቢዎቹ ናቸው።

9ኛ ሳምንት፦ ሰርች

ያልተገኙ ፍለጋዎችን መዝገብ ሳገላብጥ ደነገጥኩ። «ሀይል አይገባም»፣ «ሃይል አይገባም»፣ «ሐይል አይገባም»፤ ሁሉም ባዶ። ጽሑፋችን የሚለው «ኃይል» ነው። ሰው በለመደው «ሀ» ይጽፋል። አላጠፋም። ማስተካከል ያለብን እኛ ነን። አሁን ሰርቹ ከመፈለጉ በፊት ሀን፣ ሃን፣ ሐን፣ ኀንና ኃን ወደ አንድ ያመጣል፤ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር እንዲሁ። ጽሑፉ ሲታይ ግን እንደ ተጻፈ ይታያል። የሚቀየረው የሰርቹ መዝገብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር የቃሉ ግንባር ነው። «ባትሪ» ብሎ የፈለገ «የባትሪ» እና «ለባትሪው» የሚሉትን አያገኝም ነበር። ቃሉ ከዚያው ፊደል ካልጀመረ ሰርቹ ያልፈዋል። መጀመሪያ ላይ የሚመጡትን የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ለመቁረጥ ሞከርን። አልሆነም። «በረዶ» «ረዶ» ሆነ፤ «ከለር» «ለር» ሆነ። መቁረጡን ትተን ቃሉ መሐል ላይ ቢገኝም እንዲቆጥር አደረግን። ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ያገኛል።

10ኛ ሳምንት

ወደ ድሮው ገጽ የሚወስደውን ሊንክ የሚነኩት ሰዎች እየቀነሱ ነው። አልነቀልነውም። ከመንቀላችን በፊት ለአንድ ወር ቀኑን የሚናገር ማስታወቂያ እዚያው ላይ እንለጥፋለን። ከአሁን ወዲያ በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ነው፤ እሱም በሠንጠረዡ ላይ ቀኑ ይጻፋል።

መምህሩ ትናንት ጻፉ። ዝርዝሩን አግኝተውታል። አሁን የሚጠይቁት መመሪያው በወረቀት ሲታተም ፎቶው ከደረጃው ተለይቶ ወደሚቀጥለው ገጽ እንዳይሄድ ነው። ክፍላቸው ውስጥ አትመው ነው የሚያድሉት። ለኅትመት የሚሆን ሲኤስኤስ ጭራሽ አልጻፍንም ነበር። ባልደረባዬ ጀምሮታል። ከመልቀቃችን በፊት አምስቱን መመሪያዎች አትመን ለእሳቸው እንልካለን። ለስልኩም ሌላ አምስት ሰው ለምነናል። የመጀመሪያዋ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች።